ከባለፈቃድ ወደ ባለፈቃድ

ግሬታ ሃሉስካ እንቁላል እየጠበሰች ሳለ አባቷ በስልክ ኦርቪል ታገርትን በደለኛ ሲያደርጓቸው ሰማች። ስልኩ ከሱቁ ወደ ላይ በሚያወጣው ደረጃ አፍ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባቷ ኤሚል ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ። «አዎ፣ እሱ ነው የሰጠው። ታገርት። ኦርቪል ታገርት... አዎ፣ ዐይኑ ደክሞ ነበር። ልክ እንዳወቅን በጥቅምት አሰናበትነው። ... እሺ፣ አራት ሰዓት ላይ እንጠብቅዎታለን።» ስልኩን ሰቀሉ፤ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ምንም እንዳልተናገረ ሰው መጥተው ተቀመጡ። ግሬታ እንቁላሉን አቀረበችላቸው። አንድ ጊዜ ጎርሰው «ጨው ያንሰዋል» አሉ። ጨውን ገፋ አደረገችላቸው። ከዚያ በኋላ እስኪጨርሱ ድረስ የተሰማው የሹካው ድምፅና ከታች በረዶውን ለማቅለጥ በመንገዱ ላይ ጨው የሚበትነው የከተማው መኪና ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

ሽጉጡን የሰጠችው እሷ ነበረች። ይህን አባቷ ያውቃሉ፤ እሳቸው እንደሚያውቁም እሷ ታውቃለች። ከጥቅምት ወዲህ ግን አንዲት ቃል ተነጋግረውበት አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆንስታውን ከተማ ውስጥ የብረት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል፤ የሃሉስካ የአደን መሣሪያ መደብር ግን ሃምሳ አንድ ዓመት ቆሟል። እዚያ ቤት ለማንኛውም ሰው ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ገዢው ፎርም ይሞላል፣ ማንነቱ በመንግሥት መዝገብ ይጣራል። ገዢው ራሱ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሲሆን ግን ማጣራቱ ይቀራል። ከባለፈቃድ ወደ ባለፈቃድ የሚሄድን መሣሪያ የሚጠብቀው ወረቀት ብቻ ነው፤ ተቀባዩ የተፈረመበት የፈቃድ ቅጂውን ቀድሞ ይሰጣል፣ የፈቃዱ ቀን አለማለፉ ይታያል፣ ከዚያም በትልቁ መዝገብ ላይ በግራ በኩል መሣሪያው ከየት እንደመጣ፣ በቀኝ በኩል ለማን እንደሄደ ይጻፋል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ ድዌይን ፕሩት የሚባል፣ ከወንዙ ማዶ ትንሽ የጠመንጃ ሱቅ የነበረው ሰው መጥቶ አንድ ሽጉጥ ወሰደ። የሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር ሽጉጥ ነው፣ ተራ ነገር። ግሬታ ቅጂውን አልጠየቀችውም። ለምን እንዳልጠየቀችው ለራሷም እንኳ ግልጥ አድርጋ ነግራ አታውቅም። «ሰኞ አመጣዋለሁ» አላት፤ ሰኞ አልመጣም። እሷም ቅጂው ሲመጣ እጽፋለሁ ብላ ቀኙን ባዶ ተወችው፤ ከዚያ ረሳችው። ለካ ፕሩት ሽጉጡን ሲወስድ ፈቃዱን ለመንግሥት ከመለሰ ወር አልፎት ኖሯል። ሽጉጡን ለማን እንደሸጠው እሱም በኋላ አላስታውስም አለ። በመስከረም መጨረሻ ያ ሽጉጥ አልቱና መንገድ ላይ ባለ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተተኮሰ። ገንዘብ ተቀባይዋ ኮራ ኦዱም ጉልበታቸውን ተመቱ። ፖሊሶቹ የመለያ ቁጥሩን ይዘው ሲጠይቁ ቁጥሩ ወደ ሃሉስካ መዝገብ አመጣቸው፤ በግራ በኩል በኦርቪል ታገርት ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ከአከፋፋዩ መግባቱ ተጽፏል፣ በቀኝ በኩል ባዶ ነው፤ ፕሩት እንደወሰደው ለፖሊሶቹ የነገሩት አባቷ ናቸው። በዚያው ሳምንት አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገቡን የያዙትን ኦርቪልን ወደ ጓዳ ጠርተው በሩን ዘጉ። ኦርቪል ሲወጡ ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው ነበር። ግሬታ የጥይት ሳጥን እየደረደረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ጠዋት ሱቁን ከፈቱ። ብርዱ ኃይለኛ ስለነበር ገበያ የለም። አንድ ጡረተኛ ገብቶ የጥይት ዋጋ ጠየቀ። «ሃያ አራት ዶላር!» አለ፤ «በዚህ ዋጋ አጋዘኑ ላይ ጥይት ከምተኩስ ገንዘቡን ባሳየው ይሻላል።» ኤሚል ሳቁ፤ ሁልጊዜ በሚስቁት ሳቅ። ስለ በረዶው፣ ስለ ሰውየው የወገብ ሕመም፣ ዘንድሮ ስለተዘጋው የማርያም ቤተ ክርስቲያን አወሩ። ጡረተኛው ሊወጣ ሲል «ኦርቪልስ እንዴት ነው? ባለፈው በሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ የገዢዎችን ጋሪ ሲሰበስብ አየሁት፤ በዚህ ብርድ» አለ። ኤሚል «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብለው መስታወቱን ይጠርጉ ጀመር። ግሬታ ጓዳ ገብታ ምንም የማትፈልግበትን መሳቢያ ከፍታ ዘጋች።

ከመንግሥት የመሣሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የተላከችው ተቆጣጣሪ ልክ በአራት ሰዓት መጣች። ሚስ ድሬክ ትባላለች፤ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቦት ጫማዋን ምንጣፉ ላይ በደንብ ጠርጋ የምትገባ ሴት ናት። ቡና አቀረቡላት፤ አመሰግናለሁ ብላ አልጠጣችውም። መዝገቡን በጓዳው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በማስመሪያ መስመር በመስመር ወረደች። ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ማስመሪያው ቆመ።

«ይኼ ነው» አለች። «ሚስተር ፕሩት መጥቶ ሲወስድ ቅጂውን የመቀበል ኃላፊነት የማን ነበር?»

«የታገርት» አሉ ኤሚል። «ነግሬዎታለሁ እኮ።»

«ሲያስረክብ አይተዋል?»

«መዝገቡ የእሱ ነበር። ጽሑፉን አይመለከቱም?»

«የማየው የግራውን ጽሑፍ ነው» አለች ሚስ ድሬክ። ከዚያ ወደ ግሬታ ዞረች። «አንቺስ ያኔ እዚህ ትሠሪ ነበር?»

«አዎ።»

«የምታስታውሺው ነገር አለ?»

አባቷ አላዩዋትም። የሚያዩት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሱቁን ፈቃድ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ በእሷ ስም ሊያዞሩት የተዘጋጁትን። ባለፈው ሳምንት ለዚሁ ጉዳይ ጠበቃ ዘንድ አብረው ሄደው ነበር። ግሬታ «የለም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቷ የረሳ ሰው ጥፋት ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን የዋሸ ሰው ጥፋት ሆነ።

«መልካም» አለች ተቆጣጣሪዋ። «እኛ ዘንድ ስህተት አንድ ነገር ነው፤ እያወቁ ማድረግ ሌላ ነው። ሚስተር ታገርትን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። እስከዚያ ቀሪውን መዝገብ እዚሁ አያለሁ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ግሬታ ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣች። አባቷ «ብርድ ነው፣ ሻርፕሽን» አሉ፤ ሻርፑንም ራሳቸው አውርደው ሰጧት። በጠዋት ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ የከበዳት ይህ ነበር። ዳቦ ቤቱን አልፋ ሄደች። ኦርቪል ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለች አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ኪራዩ ስድስት መቶ አሥር ዶላር እንደሆነ ታውቃለች፣ ድሮ በየወሩ መጀመሪያ እየቀለዱ ያማርሩ ነበርና። በደረጃው ላይ የሳሙና ሽታና የማድረቂያው ሙቀት አብሯት ወጣ። ምን እንደምትል አላሰበችም። ከተቆጣጣሪዋ በፊት ልድረስ ብላ ነው የወጣችው፤ ለምን እንደሆነ ግን ቢጠይቋት አትመልስም ነበር።

ኦርቪል በሩን የከፈቱት ክራቫት አስረው ነው። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ አልጋው እንደ ወታደር አልጋ ተወጥሯል፣ ምድጃው ላይ የቆርቆሮ ሾርባ ይሞቃል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ።

«ግሬቲ! ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እኔ ተቆጣጣሪዋ ቀድማ የመጣች መስሎኝ ደነገጥኩ። ደውላልኝ ነበር፤ ጥሩ ሰው ትመስላለች። አባትሽ እንዴት ነው? ጉልበቱስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ሾርባ ላውጣልሽ። የቲማቲም ነው፤ ከዶላር በታች ነው የገዛሁት፣ ጣዕሙም እንደ ዋጋው ነው።» በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አነሡ። «ይልቅ ይህን እይልኝ። አዲሱን መነጽር ገና በደንብ አልለመድኩትም፣ የሆሄ ስህተት እንዳይኖርበት። ለሴትዮዋ ልሰጣት ነው።»

ግሬታ ወረቀቱን ተቀበለች። በዚያ በምታውቀው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገቡን በሞላው ቀጥ ያለ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ እኔ ኦርቪል ታገርት፣ የጠቀሳችሁትን ሽጉጥ የፈቃድ ቅጂ ሳልቀበል አስረክቤያለሁ፤ በመዝገብም አላሰፈርኩም። ማስረከቤን አላስታውስም፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ዐይኔ ደክሞ ስለነበር እንዳደረግኩት አምናለሁ። ጥፋቱ የአሠሪዬ ወይም የልጁ አይደለም።

«እንደማያስታውሱት ጽፈዋል» አለች ግሬታ።

«አላስታውስማ! ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ። ኤሚል ሲነግረኝ ብዙ አሰብኩ። ፕሩትን አስታውሰዋለሁ፣ ፊቱን፣ ያቺን ቆሻሻ ኮፍያውን፤ ሽጉጡን ስሰጠው ግን ራሴን ላየው አልቻልኩም። ይኸውልሽ፣ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው። የሠራሁት ክፉ ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አላስታውሰው።» ሾርባውን አማሰሉ። ጀርባቸውን እንደሰጡ ቀጠሉ። «የተመታችውን ሴትዮ ሄጄ አይቻታለሁ። ኮራን። አባትሽ እንዳይሰማ፣ ይበሳጫል። በኅዳር ነው የሄድኩት፤ እኔ ነኝ ያ ሽጉጥ እንዲወጣ ያደረግኩት አልኳት። በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። በሳምንቱ ደግሞ ሄድኩ። አሁን በየሐሙሱ እሄዳለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ። ገና ሲደርስ ይቅር ብዬሃለሁ አለችኝ። ምን ዓይነት ሴት ናት! እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።»

 ግሬታ ለአምስት ወር ያሰበችው ስለ ሥራቸው ነበር፤ ስለ ጋሪዎቹ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ስማቸው። አባቷ ያሉትን አምነውት ይሆናል ብላ አንድም ቀን አላሰበችም። ሽማግሌው ተቀይመው፣ ተበድለው፣ አባቷን እየረገሙ ተቀምጠዋል ብላ ነበር የምታስበው፤ ያ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚቻል ነገር ነበር።

«እርስዎ አይደሉም» አለች።

«ምኑ?»

«የሰጡት እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ዓርብ ነበር። እርስዎ አልነበሩም። አልቱና ሄደው ነበር፣ እህትዎን ሊቀብሩ።»

ኦርቪል ማንኪያውን እንደያዙ ዞሩ። ሾርባው ከማንኪያው ጠብ ጠብ እያለ ጫማቸው ላይ ወረደ፣ አላዩትም። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። «ሚልድሬድን የቀበርኩ ዕለት» አሉ፣ ለራሳቸው። ቆይተው ተቀመጡ። ምድጃው ላይ ሾርባው መንተክተክ ጀመረ፤ ግሬታ ሄዳ አጠፋችው፣ ሌላ ልታደርግ የምትችለው ነገር አልነበረምና።

«ኤሚል ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ።

ግሬታ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

«ያውቃል» ብለው ራሳቸው መለሱ። «ዕለቱን ባያውቅ እንኳ አንቺ መሆንሽን ያውቃል። ጓዳ ጠርቶ እጄን ይዞ ነው የነገረኝ። እጄን እንደያዘ ‹አይዞህ፣ ማንም ሰው ይሳሳታል› አለኝ። እኔም በፖሊስ ፊት ስላላባረረኝ አመሰገንኩት።» ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ፣ አንዴ አጠፉት፣ ሁለቴ አጠፉት፣ አልቀደዱትም። «እንድቆጣ ትፈልጊያለሽ? አሁን አቅሙ የለኝም። ምናልባት ነገ እቆጣለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያቺ ሴት የሰጠችኝን ይቅርታ ምን ላድርገው? የኔ አልነበረም እኮ። የሰው ዕቃ ይዤ ነው የከረምኩት።»

«እኔ ለተቆጣጣሪዋ እነግራታለሁ።»

«እሱማ ትነግሪያለሽ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን፣ እዚህ ሳትመጣ። ለኮራም ትነግሪያለሽ፤ እኔ አልነግራትም።» ተነሥተው በሩን ከፈቱላት። እንደ ቀድሞው ልጄ አላሉም። «ሂጂ በይ።»

ስትመለስ ሚስ ድሬክ ከቤቷ ያመጣችውን ሳንድዊች በወረቀት ላይ አድርጋ እየበላች መዝገቡን ታያለች። ኤሚል በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የልጃቸው እጅ ባዶ መሆኑን አይተው «ዳቦውስ?» አሉ። ግሬታ ሻርፑን እንኳ ሳታወልቅ ተናገረች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፕሩት የተናገረውን፣ ጠዋት ስትጠየቅ መዋሸቷን። በመካከሉ አባቷ «ግሬቲ፣ ዝም በይ» አሉ፤ ስትቀጥል ድምፃቸው ወደ ልመና ተለወጠ፣ «ዝም በይ ልጄ፣ አታውቂውም የምታደርጊውን»። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም። ስትጨርስ ተቆጣጣሪዋ ሳንድዊቹን ጠቅልላ ወደ ጎን አደረገች፣ እጇን ጠረገች።

«ሚስተር ሃሉስካ» አለች፣ በዚያው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ጠዋት በስልክና እዚህ የነገሩኝን ቃል ልያዘው ወይስ ሊያርሙት ይፈልጋሉ?»

 ከፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ሰው ገብቶ «አለ ሰው?» ብሎ ተጣራ፤ የሚመልስለት አጥቶ ወጣ፤ የበሩ ደወል ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«ያርሙት» አሉ ኤሚል።

ሚስ ድሬክ ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ፈቃዱ ይነጠቅ አይነጠቅ የምትወስነው እሷ አለመሆኗን፣ ደብዳቤ እንደሚደርሳቸው፣ እስከዚያ ጠበቃ ቢይዙ እንደሚበጃቸው ነገረቻቸው። ልትወጣ ስትል ለግሬታ «ጠዋት ብትነግሪኝ ይሻልሽ ነበር» አለቻት፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ እንደ ሐኪም ነው የተናገረችው። ኤሚል ተከትለዋት ሄደው በሩ ላይ ያለውን ‹ዝግ ነው› የሚለውን ሰሌዳ ገለበጡ። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

«ላንቺ ብዬ ነው» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ።

«አውቃለሁ።»

«እሱ ጡረታ አለው። ልጅ የለው፣ ሱቅ የለው። ምን ይጎዳዋል ብዬ ነው።»

«አምነውዎት ነበር አባባ። እሳቸው ራሳቸው ያደረጉት መስሏቸው ነበር የከረሙት። እየሄዱ ሴትዮዋን ሐኪም ቤት ያመላልሷታል።»

አባቷ ዞሩ። የሰሙት እንዳልገባቸው ሁሉ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ፣ ግን ገብቷቸዋል። ደንበኞች ጠመንጃ የሚሞክሩበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው በአንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ወጣ። ግሬታ ሄዳ ልታቅፋቸው አሰበች፤ ግን አላቀፈቻቸውም። የመኪናዋን ቁልፍ አንሥታ ወጣች።

የኮራ ኦዱምን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም፤ አድራሻውን ከመስከረም ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች፣ በዚያ መንገድ ሁለት ጊዜ በመኪና አልፋ ሳትቆም ተመልሳለች። ከዳገቱ ላይ ያለች፣ ቀለሟ የተላጠ የእንጨት ቤት ናት። አንኳኳች። ውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል። በትር ወለሉን እየመታ ቀረበ፤ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ። በሩን የከፈቱት ስልሳን የተጠጉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ወፍራም ሴት ናቸው።

«ኦርቪል የላከሽ ነሽ?»

«አይደለም። ግሬታ ሃሉስካ እባላለሁ። ሽጉጡ የወጣው ከእኛ ሱቅ ነው። ኦርቪል አይደሉም የሰጡት፤ እኔ ነኝ። እሳቸው ራሳቸው እስከ ዛሬ ቀትር ድረስ አያውቁም ነበር።»

ኮራ ሰሟት። የበሩን እጀታ በአንድ እጃቸው፣ በትሩን በሌላው እጃቸው ይዘዋል።

«ያን ሽማግሌ ይቅር ለማለት ሁለት ወር ሙሉ ታግያለሁ» አሉ። «ቀላል እንዳይመስልሽ። አንዳንድ ቀን በስንት መከራ ይቅር እለውና ማታ ጉልበቴ ሲጀምረኝ መልሼ እነጥቀዋለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ መጥተሽ ከአንድ ጀምሪ ትዪኛለሽ?»

«ይቅር በሉኝ ልል አይደለም የመጣሁት። ኦርቪል እንዳልሆኑ እንዲያውቁ ነው።»

«ጥሩ፤ ለዛሬ የተረፈኝ ይቅርታ የለኝምና።» ነፋሱ በረዶውን አንሥቶ በመካከላቸው በተነው። «ግቢ ወይም ሂጂ። ብርዱን ወደ ቤት እያስገባሽብኝ ነው።»

ግሬታ ገባች። ኮራ ቴሌቪዥኑን አጠፉና ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ትራስ ላይ አስቀመጡ። ወንበር አላመለከቱላትም፤ ግሬታ ቆማ ቀረች።

«በይ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ነገረቻቸው። ዓርብ እንደነበረ፣ ልትዘጋ አሥር ደቂቃ እንደቀራት፣ ፕሩትን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምታውቀው፣ እየሳቀ እንደገባ፣ ገንዘቡን መስታወቱ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ሽጉጡን በሳጥኑ አድርጋ እንደሰጠችው።

«ወረቀቱን ሳትጠይቂው።»

«አዎ።»

«መጠየቅ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

ግሬታ መልሱን ፈለገችው። ለተቆጣጣሪዋ አልነገረቻትም፣ ለኦርቪልም አልነገረቻቸውም፤ እሷም ብትሆን ጮክ ብላ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አፈርኩ» አለች። «የምንተዋወቅ ሰዎች ነን፤ አላመንሽኝም እንዴ ብሎ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።»

ኮራ ኦዱም ትራሱ ላይ የተዘረጋውን እግራቸውን ተመለከቱ።

«ቅር እንዳይለው» አሉ።